በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ክፍተት

መቀመጥ አልችልም። ይህን ስጽፍ እንኳ ተነሥቼ መስኮት ከፍቻለሁ፣ በረደኝ ብዬ መልሼ ዘግቻለሁ፣ ውሃ ልጠጣ ሄጄ ሳልጠጣ ተመልሻለሁ። እናቴ «አዋላጇ ቸኩላ ሳታየው ቀርታ ነው እንጂ ይህች ልጅ ትርፍ እግር ሳይኖራት አይቀርም» ትል ነበር። ፒያሳ ደግሞ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚመች ሰፈር ነው። ማኪያቶ ባንኮኒ ተደግፎ ቆሞ ይጠጣል፣ ወሬ እየተራመዱ ይወራል፣ ቀጠሮ ያለው ሰው ካፌ ገብቶ ከመጠበቅ ከወርቅ ቤቶቹ መስታወት ፊት ወዲያ ወዲህ ማለትን ይመርጣል። እዚያ ተወልጄ እዚያ ያደግሁ ሰው መቀመጥን ከየት ልማረው?

በደርግ ዘመን ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ። ቸርችል ጎዳና ላይ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆኜ እሠራ ነበር። በየግድግዳው «ወደፊት» የሚል ተጽፏል። እውነቱን ለመናገር ቃሉን ወደድኩት። ሌላው ሰው ፈርቶም ይሁን ተስፋ አድርጎ ይሆናል የተቀበለው፤ እኔ ግን እግሬ ነው የወደደው። ዕድሜ ልኬን «ኧረ እረፊ» ሲሉኝ የኖሩት ሰዎች ሁሉ ኋላ ቀር መሆናቸው በይፋ ተነገረልኝ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? በዚያ ላይ የአራዳ ልጅ ነኝ፤ ፋራ ከመባል የማልሆነው ነገር አልነበረም።

እናቴ የጊዮርጊስ ማኅበርተኛ ነበረች። ወር በገባ በሃያ ሦስት ቀን ከአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባሉ። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ የተሞላው ጽዋ እየዞረ ይቀመሳል፣ በመጨረሻ ጽዋው ለባለ ተራው ይሰጥና ታቅፎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳል። ታዲያ በእነሱ ደንብ ጽዋው ከአንዱ ቤት ወጥቶ ሌላው ቤት እስኪገባ ድረስ መሬት አይነካም። ዝናብ ቢጥል፣ ጭቃ ቢሆን፣ ክንድ ቢዝል አይቀመጥም። ልጅ ሆኜ «ለምን?» እላለሁ። «አይቀመጥማ» ትላለች እናቴ። «እኮ ለምን?» «አይቀመጥም አልኩሽ እኮ።» በዚህ መልስ ስንቴ ተናድጄ ከቤት እንደ ወጣሁ። ምክንያቱ ያልተነገረኝ ነገር ሁሉ ያንገበግበኝ ነበር።

እናቴ ስትሞት ደግሞ ሌላው ደንባቸው መጣ። አባል ሲሞት ልጅ መተካቱ በብዙ ማኅበር ያለ ነው። የእኛዎቹ ግን ልጁን ወዲያው አያስቀምጡትም፤ የሟቹን ቦታ ዓመት ሙሉ ክፍት አድርገው ያቆዩታል። ቦታ ስል ወንበር እንዳይመስላችሁ። ማኅበሩ ከቤት ቤት ይዞራል፤ አንዱ ቤት መደብ ነው፣ አንዱ ቤት አግዳሚ ወንበር፣ አንዱ ቤት ከጎረቤት የተለመነ ዱካ። ቦታው በሁለት ሰዎች መካከል ያለ ክፍተት ነው። የእናቴ ቦታ በማኅበሩ መሪ፣ ሙሴ በሚሏቸው ሽማግሌ፣ እና አትክልት ተራ ሽንኩርት በሚነግዱ አንዲት ሴትዮ መካከል ነበር። ሙሴው አንጥረኛ ናቸው፤ ቤታቸው ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ ሁለቱ በየሄዱበት ቤት አንድ ሰው የሚያህል ቦታ በመካከላቸው እየተዉ ይቀመጡ ጀመር። ዳቦው ሲቆረስ የእሷ ድርሻ በኮባ ቅጠል ተደርጎ እዚያ ክፍተት ላይ ይቀመጣል፤ ሲያበቃ ጊዮርጊስ ደጅ ላለ ነዳይ ይሰጣል። ዓመቱ ሲሞላ ልጅ መጥቶ ይቀመጥበታል፣ አለዚያም «ዝጉት» ይላል። ዝጉት ካለ ሁለቱ ሰዎች ጠጋ ጠጋ ይላሉ፤ ቦታውም በዚያው ቀረ ማለት ነው። እናቴ ከእኔ ሌላ ልጅ አልነበራትም።

በዚያ ዓመት ውስጥ ክፍተቱን አንዴ አይቼዋለሁ። ከቤታችን የተዋሱትን ብርጭቆ ልወስድ ሄጄ በሩ ላይ ቆሜ ነው። ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሴቶች በግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብለዋል፣ አንድ ሽማግሌ ጣውላ ላይ ተጣበው ተቀምጠዋል። በመካከሉ ግን የእናቴ ወገብ የሚያህል ቦታ ባዶውን፣ ቁራሽ ዳቦ ተቀምጦበት አለ። መጀመሪያ ተናደድኩ። በሕይወት ያለ ሰው ተጣቦ ለሞተ ሰው ቦታ ይያዛል? ከዚያ ብርጭቆዬን ሳልወስድ ተመለስኩ። እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት የእናቴ ሞት የጥቂት ቀን ፈቃድ ነበር። ስመለስ ጠረጴዛዬ ላይ ሥራ ተቆልሎ ጠበቀኝ፤ ማንም ክፉ አልሆነብኝም፣ ነገሩ አልቆ ነበር። ያቺን ቦታ ካየሁ በኋላ ግን ያላለቀስኩት ለቅሶ ሁሉ መጣብኝ፤ ለዚህም ተቀየምኳቸው።

ዓመቱ ሊሞላ ሲቃረብ በውይይት ክበብ አንድ ርዕስ ተሰጠኝ። በዚያን ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ አለ፤ የእኛው ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሊቀመንበሩ ከሂሳብ ክፍል የሆነ ወጣት ነው። መጥፎ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ያነበበውን የሚያምን፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት ፈልጎ ካላገኘ እንቅልፍ የማይወስደው ልጅ ነበር። በዚህ እንዋደድ ነበር ማለት እችላለሁ። ርዕሱ «የአሮጌው ሥርዓት ቅሪቶች በከተማ ኑሮ» የሚል ነው፤ ጽዋው፣ ሰንበቴው፣ እንዲህ ያለው ሁሉ ይገባበታል። «ጓድ፣ አንቺ የፒያሳ ልጅ ነሽ፤ ከውስጥ ታውቂዋለሽ» አለኝ።

«እሱን ለእኔ ተወው» አልኩት። ደስ ብሎኝ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ «አይቀመጥማ» ለሚለው መልስ ያጠራቀምኩትን ንዴት የማወጣበት መድረክ አገኘሁ።

በምሳ ሰዓት ባዶው የውይይት ክፍል ገብቼ መጻፍ ጀመርኩ። እንዴት ቀለለኝ መሰላችሁ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚለውን ተረት አናቱ ላይ አስቀመጥኩና የወግ አጥባቂ ሰው ፍልስፍና በሙሉ ይህ ነው ብዬ ጻፍኩ፤ ፍርሃት ነው፣ ስንፍና ነው፣ ሌላ የለውም አልኩ። ምክንያቱን መናገር የማይችል ልማድ የመኖር መብት የለውም አልኩ። ያን ጽፌ ቀና ስል የውይይት ክፍሉ ግድግዳ ታየኝ። እዚያ ግድግዳ ላይ አንድ የትልቅ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ነበር። ሰውየው የወደቀ ጊዜ ፎቶግራፉ ወርዶ ሌላ ተሰቀለበት፤ አዲሱ ግን አነሰ፣ ስለዚህ ዙሪያውን የድሮው ክፈፍ ልክ ነጣ ብሎ ይታያል። አምና ያጨበጨብንለትን ዘንድሮ አውግዘነዋል፤ ለሁለቱም ምክንያት ነበረን፣ ሁለቱም ጊዜ ጥሩ ምክንያት። ያቺን የነጣች ክፈፍ ደፍሮ የሚያያት ሰው አልነበረም። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁና ቸርችልን ቁልቁል ወርጄ ሽቅብ ወጣሁት። ምን እንደ ረበሸኝ ያን ጊዜ አልገባኝም፤ ምሳ ስላልበላሁ መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ሆነልኝ። ቦታዬ እዚያ ክፍት ሆኖ እየጠበቀኝ እኔ እዚህ ቆሜ ልሰድባቸው አልችልም። «የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ» የሚሉት ነው የሚሆነው፤ ያን ያህል ደግሞ አልወረድኩም። መጀመሪያ ሄጄ «ዝጉት» ልበል፣ ከዚያ ሰኞ ነፃ ሆኜ ልናገር። ዓመቱ የሚሞላው ሐምሌ ሃያ ሦስት ነበር፤ ሐሙስ ይውላል። ተረኛው ቤት የሙሴው የአንጥረኛው ነበር።

ያን ቀን የወረደውን ዝናብ አልረሳውም። ከሥራ ወጥቼ ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ ጎዳናው ወንዝ ሆኗል። የምለውን በልቤ እየደጋገምኩ ነው። «እናቴን ስላከበራችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ቦታውን ግን ዝጉት።» አጭር ነው፤ ቆሜ ተናግሬ ልወጣ ነው። በሩ ጋ ደርሼ አልፌው ሄድኩ። ዞሬ መጣሁ፤ ደግሞ አለፍኩት። የወርቅ ቤቱ ዘበኛ ቆርቆሮ ሥር ተጠልሎ «እኅቴ፣ ዝናቡን ልትቆጥሪው ነው?» አለኝ። ጫማዬ ውሃ ሞልቶ እየተንቦጫረቀ ገባሁ።

ቤቱ ጢም ብሏል። በሰዓት እላፊው ምክንያት ማኅበሩ የሚጀመረው ገና በፀሐይ ነው፣ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ከተገኘ ማለቴ ነው፤ ዝናቡ ደግሞ ጎረቤቱንም አስገብቶታል። ቄሱ ጸሎት ላይ ስለሆኑ መናገር አልቻልኩም። በሩ ላይ ቆምኩ፤ ከቀሚሴ ውሃ ይንጠባጠባል። ከኋላዬ ንፋስ ስለገባ አንዱ «በሩን» ብሎ አንሾካሾከ። በሩን ለመዝጋት ወደ ውስጥ መግባት ነበረብኝ፤ ወደ ውስጥ ስገባ መቆሚያ የለም። አንዲት ሴት እግሯን ሰበሰበችልኝ፣ ሌላዋ ትከሻዋን ሰጠች፣ በዚያ አለፍኩ፣ ከዚያ ቦታ ሳገኝ ተቀመጥኩ።

እንዲሁ ነው የሆነው። አልፈለግሁትም፣ አላሰብኩትም፣ እግሬ ነው ያደረገው። ሽንኩርት ነጋዴዋ ፊታቸውን ሳያዞሩ የነጠላቸውን ጫፍ በትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉልኝ። የሽንኩርት ሽታቸው እናቴ ከማኅበር ስትመለስ ቀሚሷ ላይ የነበረው ሽታ ነው። ሞቀኝ። ዳቦው ተቆርሶ ዞረ፤ እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። ምሳ አልበላሁም ነበርና ገመጥኩት። ኮባ ቅጠሉ ከእግሬ አጠገብ ባዶውን መውደቁን ያየሁት እያኘኩ ሳለሁ ነው።

ልነሣ ስል ሙሴው ጉልበቴን በሁለት ጣታቸው ነካ አደረጉኝ። «ጸሎቱ አላለቀም» አሉኝ። ያ ጸሎት እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ጣቴን ሳፍተለትል፣ ጫማዬ ውስጥ ያለውን ውሃ በእግር ጣቴ ስገፋው፣ እንደ ምንም አለቀ።

«አባባ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «እኔ ልቀመጥ አልመጣሁም። ዝጉት ልላችሁ ነበር የመጣሁት። ሳላስበው ነው፤ አይቆጠርብኝ።»

ሽንኩርት ነጋዴዋ ሳቁ። «አይ አንቺ ልጅ! ዳቦውንስ ሳታስቢው ነው የዋጥሽው?»

ሙሴው አልሳቁም። የጠላ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «አስቦ የተቀመጠ ማን አለ ልጄ?» አሉ። «እኔ ራሴ አስቤ ገብቼ ይመስልሻል? አንጥረኛ ነኝ እኮ። ዛሬ ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ብሎ ያከብረኛል። በወጣትነቴ ጊዜ ‹ቡዳ› ነው የምባለው፤ ከእኔ ጋር ከአንድ ገበታ የሚቆርስ አልነበረም። የቄሱ መስቀል እጀታው ተሰብሮ ጠግኜ ላደርስ መጣሁ፤ ውጭ ቆሜ ላቀብል ነው እንጂ ልገባ አይደለም። እንዲህ ዛሬ እንደ ጣለው ዝናብ ይጥል ነበር። ጽዋው እየወጣ ነው። ተሸካሚው ጭቃው አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ፤ ጽዋውን እንደ ምንም አንጋጦ ይዞታል። ማስቀመጥ የለ፤ መሬት አይነካም። አጠገብ ያለሁት ደግሞ እኔ ነኝ። የእናትሽ አክስት፣ እኔን ሲያዩ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ የሚያደርጉት ሴትዮ፣ ‹ያዝ!› አሉኝ። ያዝኩ። በያዝኩት እጅ እስከሚቀጥለው ቤት አደረስኩት። በወሩ ማን ‹አትግባ› ይበለኝ? ጽዋ የተሸከመ ሰው ነኝ። አክስትሽ ሲያጉረመርሙ ገቡና እሳቸው አጠገብ ብቻ ቦታ ስለነበረ እዚያ ተቀመጥኩ። እስኪሞቱ ድረስ ጎን ለጎን ነበርን። በኋላ እናትሽ ተተኩ።»

«ጽዋውን መሬት ማስቀመጥ ይቻል ቢሆን ኖሮስ?» አልኩ። ጥያቄው አምልጦኝ ነው የወጣው።

«ያስቀምጡት ነበራ» አሉ። «እኔም መስቀሉን አቀብዬ እሄድ ነበር።»

ያን ቀን ከዚያ ቤት ስወጣ ሰው ሁሉ ለሰዓት እላፊው ይቻኮላል፤ እኔ ግን የሚገርማችሁ ቀስ ብዬ ነው የሄድኩት። የቀረ ንዴት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ፣ አልደብቀውም። ያ ዝናብ ባይጥልስ? በዝናብ ቀን በዚያ ያላለፉ ስንት አንጥረኞች፣ ስንት ሸማኔዎች ውጭ ቀርተዋል? ደንብ ሰውን ካስገባ ያስወጣልም፤ ይህን ለማወቅ የውይይት ክበብ አያስፈልግም። ቢሆንም ሌላው ነገር እያሳደደኝ ነበር። ያን ጊዜ ስብሰባ ተጠርቶ «አንጥረኛው ይግባ ወይስ አይግባ» ተብሎ እጅ ቢወጣ፣ አንድም እጅ አይወጣለትም ነበር። ሁሉም አይገባም ለማለት ምክንያት ነበራቸው፤ የአክስታችን ምክንያት ደግሞ ከሁሉ የረዘመ ነበር። ምክንያታቸውን ሁሉ የረታው ያ «አይቀመጥማ» የሚባለው፣ እኔን ሲያናድደኝ የኖረው፣ ምክንያት አልባው ደንብ ነው።

በዚያ ላይ ክፍተቱ አለ። እኔ ወደፊት ስል ሁልጊዜ ፊቴን ብቻ ነበር የማየው፤ ከኋላዬ ማን እንዳለ ዞር ብዬ አላውቅም። እነዚህ ሰዎች ግን ዓመት ሙሉ በየቤቱ፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ ለሞተች ሴት የሚሆን ቦታ ትተው ተጠጋግተው ሲቀመጡ፣ አንድ ቀን የምትመጣውን እኔን ደግሞ ሳይጠሩ ጠበቁ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «እንዲህ ነዋ» ነው የሚሉኝ። ያን ተረት ጠቅሼ ፍርሃት ነው ብዬ የጻፍኩት ነገር እነሱ ዘንድ አልነበረም። አልፈሩም፤ ሽንኩርት ነጋዴዋን የሚያስፈራ ነገር በአትክልት ተራ እስካሁን አልተወለደም። ያቺን ቦታ ይወዷት ነበር፣ ያን ያህል ነው። እኔ ደግሞ ያልመረጥኩት ነገር እንዲህ ይወደኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጊዮርጊስ ደጅ ስደርስ አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበረ ማንም አላወቀብኝም።

ዓርብና ቅዳሜ ወረቀቱን አወጣሁ፣ መለስኩ። እሑድ ሌላ ልጽፍ ሞከርኩ፤ ማኅበሩን የሚደግፍ ጽሑፍ። እሱ ደግሞ የባሰ ሆነ። ምክንያት በምክንያት ላይ ስደረድር እነዚያ ሰዎች ከወረቀቱ ላይ ጠፉብኝ። ቀደድኩት። ፍርሃትም ነበረኝ። «አድኃሪ» የሚል ቃል በዚያን ጊዜ ሰው ላይ ከተለጠፈ እንዲህ በቀላሉ የሚነሣ አልነበረም፤ ከዚያ ያነሰ ተናግሮ ከጠረጴዛው የጠፋ ሰው አውቃለሁ።

ሰኞ ሊቀመንበሩ ስሜን ጠራ። ተነሣሁ። ዓይኔ ከግድግዳው ላይ ከዚያች ነጣ ካለች ክፈፍ ላይ አረፈ።

«በተሰጠኝ ርዕስ ላይ መናገር አልችልም» አልኩ። «ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ። እኔ አባል ነኝ።»

ወንበሮች ተንቀጫቀጩ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ቦርሳዋን ከእኔ ወደ ወዲያ ሳብ አደረገች። ሊቀመንበሩ የተናደደ አልመሰለኝም፤ ያልገባው ሰው ፊት ነበረው፣ እኔው ራሴ ዕድሜ ልኬን የነበረኝ ፊት።

«የምን አባል?»

«የጊዮርጊስ ማኅበር።»

ቃለ ጉባኤ ያዡ ብዕሩን አንሥቶ ጠበቀ። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገና «ጓድ፣ ከመቼ ጀምሮ?» አለኝ።

ከሐሙስ ጀምሮ ልል ነበር። እውነቱም እሱ ነው፤ ቢጻፍም ትንሽ ጥፋት ይመስል ነበር። አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ሆነ።

«እንጃ» አልኩት። «ከእናቴ በፊት ሳይሆን አይቀርም።»

ከዚያም ተቀመጥኩ።